የአስካለ አፍና የእድሩ በረንዳ

አስካለን የማያውቅ የአፍንጮ በር ሰው ካለ ትናንት ዕቃውን ያወረደ ተከራይ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን እስከ ማታ ያውቃታል። ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣና ለምን እስካሁን እንዳላገባ ጠይቃው ታበቃለች።

እኔ ፍስሃ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ፤ «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» ብለው የጫኑብኝ ሸክም ነው፣ እስከ ዛሬ የሚያወርድልኝ ጠፋ። ሱቄ ከእድሩ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ስለ አስካለ የምነግራችሁ ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በግድግዳው በኩል የገባብኝን ነው።

አስካለ ቦንቦሊኖ ጠብሳ፣ ሻይ አፍልታ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ናዝራዊትን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው በዚያው በቦንቦሊኖ ነው። እጇ የተባረከ ነው። አፏ ደግሞ... አፏን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አንዴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሟቹን በጓሮው ስላሳደገው ውሻ ስትወቅሰው፣ ሰውዬው ተነስቶ መልስ ሊሰጣት ነው ብለን ፈርተናል።

የዚህች ሴት ነገር የተወሳሰበው በምርጫ ሰሞን ነው። የአገሩን ምርጫ አይደለም የምላችሁ። እሱ በቴሌቪዥን ነበር፤ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች «መጀመሪያ ዳቦ!» «የለም፣ መጀመሪያ ነፃነት!» እየተባባሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። የኛ ሰፈር መንግሥት እድር ነው። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር፣ ከስብሰባ ሲቀሩ የሚቀጣ እሱ ነው። ሌላው መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል። እድር ግን ድንኳኑን ይዞ እስከ መጨረሻው ይጠብቅሃል፤ ቸኩሎም አያውቅ።

ያኔ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረክርስቶስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በሳቸው ዘመን ስብሰባ ላይ ማንም የፈለገውን ይናገራል። ጠረጴዛቸው ላይ ሰው ዝም ማሰኛ አንዲት ቃጭል ነበረች፤ አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም። አስካለ በየወሩ ትነሳለች።

«ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ያ በረንዳ ለማን ነው የተሠራው? ወር እስከ ወር ባዶውን ነው የሚውል። ድመት ተኝታበት አይቻለሁ። ድመቷ እድርተኛ ናት? ወርሃዊ መዋጮ ትከፍላለች?»

«ቀጥይ፣ እህቴ» ይላሉ እሳቸው በጨዋ ድምፅ።

ትቀጥላለች። እንዴት አድርጋ! የእድሩ ቤት በረንዳ ታክሲ ከሚሞላበት መንገድ ዳር ነው፤ ጣሪያ አለው፣ ስሚንቶ ወለል አለው። የሷ ቤት ያለው ቁልቁል፣ ሰው መንገድ ካልጠፋበት የማይገባበት ስርቻ ውስጥ ነው። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ደግሞ ትሪ ይዞ እግረኛ መንገድ ላይ መቀመጥ የለም። በረንዳውን ካላገኘች ቦንቦሊኖውን ለራሷ ጠብሳ ለራሷ ልትሸጥ ነው።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ተመዝግቧል።»

«መመዝገቡንማ ተመዝግቧል፤ በረንዳውስ?»

«የሐዘን ቤት ነው፣ እህቴ። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ዘይት አይፈላበትም። ቀጣይ አጀንዳ።»

መዝጋቢው እኔ ነኝ። ስለዚያ በረንዳ የጻፍኩት ወረቀት ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ሁለት ካፖርት ይወጣው ነበር። ጋሽ ገብረክርስቶስን ግን ማንም ክፉ አይላቸውም። ይሰማሉ። እንደሳቸው የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰምተው ሰምተው፣ በመጨረሻ ምንም አያደርጉም።

ታዲያ አንድ ሰሞን ጉልበታቸውን አሟቸው ጠበል ሄዱ። ምክትላቸው ማቲዎስ በተጠባባቂነት ተቀመጠ። ማቲዎስ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ የሚሠራ፣ የተማረ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። እኔ ስለ ሸሚዝ ስናገር እመኑኝ። በመጣ በወሩ የተቀደደውን ድንኳን አሰፋ፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችን አስጠገነ፣ ድስቶቹን ለሠርግ ማከራየት ጀመረ። ቅጣት ቀነሰ። እሰይ አልን። ከዚያ በመጀመሪያው ስብሰባ ቃጭሏን አንስቶ ቅጭል አደረጋት።

«ከእንግዲህ ስብሰባ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። አስተያየት ያለው በጽሑፍ፣ እዚህ ሣጥን ውስጥ። ጊዜያችንን በንግግር አንጨርስ።»

የሣጥኑን ቁልፍ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ አስካለ ቤት ሄደ። ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ፤ የሱን ድምፅ እያስመሰለች።

«እትዬ አስካለ፣ በረንዳው ለአባላት ሥራ ተከፍቷል። ከነገ ጀምሮ ምድጃዎን ያውጡ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ በረንዳው የእድሩ ፊት ነው፣ አላፊ አግዳሚው ያያል። ስለ አመራሩ ምናምን እዚያ ባይወራ...»

«አፍሽን ዝጊ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብትል ይሻልህ ነበር፤ ያጥራል።»

አሰበች። ናዝራዊት መጽሐፍ ትፈልጋለች፣ ጫማ ትፈልጋለች። «እሺ» አለችው። «አፌም ይረፍ። ከተወለድኩ ጀምሮ ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም።»

በረንዳው ላይ የወጣችበትን የመጀመሪያውን ጠዋት ብታዩት! የታክሲ ተሰላፊው፣ የስድስት ኪሎ ተማሪው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሁሉም እሷ ጋ። ሊጡ ሳይረፍድ ያልቅ ነበር። ሽያጩ ቀነሰ ብል ዋሸሁ፤ አስካለ ግን ከሳች።

ከፊት ለፊት ሙደሲር ሱቁ ባንኮኒ ላይ ቴሌቪዥን አለው። የፓርቲዎቹ ክርክር ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ደንበኞቿ ነገር መፈለግ ይወዳሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ዳቦ ነው ነፃነት የሚቀድመው?»

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ትላለች፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ።

«ኧረ ይንገሩን! አራዳ አይደሉም እንዴ?»

«ሁለት ላድርግልህ።»

በየቀኑ ግን አንድ ሰዓት አላት። ምድጃውን ለደንበኛ አስጠብቃ ወደኔ ሱቅ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች።

«ፍስሃ፣ መኪናዋን ንዳት።»

ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን በባዶው እየነዳሁ አጮሃታለሁ። በጩኸቱ ውስጥ አስካለ ማቲዎስን፣ ሣጥኑን፣ ቃጭሏንና የሸሚዙን ኮሌታ ሳይቀር ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች። እኔንም አንዳንዴ ትጨምረኛለች፣ ባዶ እጄን እንዳልወጣ። ስታበቃ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን የቅዳሴ ሰዓት አድርጋ ትወጣለች። መርፌዎቼ በባዶው እየተሰበሩ አለቁ። ለነፃነት ምን ከፈልክ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መርፌ እላችኋለሁ።

አንድ ቀን ማቲዎስ ሻይ ሊጠጣ መጣና በፈገግታ ነገሩን ጣል አደረገላት።

«እትዬ አስካለ፣ በሚቀጥለው ወር የሰፈራችን ልጅ ናታን የጭማቂ ማሽን እዚህ ጥግ ላይ ያስገባል። የተሻለ ኪራይ አቅርቧል፤ ለእድሩ ጥሩ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎም የተሻለ ማቅረብ ይችላሉ። ነፃ ገበያ ነው።»

«በስብሰባ እናገራለሁ!»

«ሣጥኑ አለልዎት።»

ያን ቀን መኪናዋን ንዳት አላለችኝም። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ሄደች፣ ከመጥበሻው ትኩስ ቦንቦሊኖ አወጣች፣ ዘይቱን እንኳ ሳታንጠፈጥፍ በአስተያየት ሣጥኑ ቀዳዳ ጠቅጥቃ ከተተችው። ወዲያው ቀለል አላት፤ ከደንበኛ ጋር መቀለድ ጀመረች።

እሑድ ማቲዎስ በስብሰባው ፊት ሣጥኑን ሲከፍት ጉንዳን ተሰልፎ ወጣ። ወረቀቶቹ በዘይት ርሰው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማቲዎስ ቦንቦሊኖውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘ።

«ይህ ምንድነው?»

«አስተያየቴ ነው» አለች አስካለ ከኋላ። «ሳይበርድ ብታነበው ጥሩ ነበር።»

ቃጭሏ አቃጨለች፤ በሳቁ መሃል ግን የሰማት የለም።

በዚሁ መሃል ጋሽ ገብረክርስቶስ ጉልበታቸው ተሽሏቸው መጡ። የሥራ ዘመኑም አልቆ ነበርና ምርጫ ተጠራ፤ እሳቸውና ማቲዎስ። የናታን ነገር እስከ ምርጫው ይቆይ ተባለ። ሁለቱም እጩዎች ቤት ለቤት ዞሩ። አስካለ ጋ የመጡት በአንድ ቀን ነው።

ቀድመው ጋሽ ገብረክርስቶስ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሻይና ቦንቦሊኖ አቀረበችላቸው።

«እኔ ካለሁ አፍሽን የሚነካው የለም» አሏት።

«በረንዳውስ፣ ጋሼ?»

«በረንዳው እንኳ... የሐዘን ቤት ሥርዓት አለው፣ እህቴ።»

«አሁን የሚበሉትን የት የጠበስኩት መሰለዎት?»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ማኘካቸውን አቆሙ። ምድጃውን አዩ፣ የያዙትን ቦንቦሊኖ አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጨረሱት። ከስኳሩ ጣታቸውን ጠርገው «ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት ማቲዎስ መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ ወሬ ሆድ አይሞላም። ለናታን ሌላ ጥግ እፈልግለታለሁ። እርስዎ ብቻ በድምፅዎ አይርሱኝ።»

«ከተመረጥክ በኋላ ሐሳብህን ብትለውጥ የት ሄጄ ነው የምጮኸው?»

«ሣጥ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው።

እሱ ሲሄድ አስካለ ሱቄ ገባች። መኪናዋን ልነዳ እግሬን ሳነሳ እጇን አወዛወዘች።

«ተዋት፣ ዛሬ ስድብ የለኝም። ፍስሃ፣ ማንን ልምረጥ? ጋሽ ገብረክርስቶስ ከመጡ ናዝራዊት ትምህርቷን ታቋርጣለች። ማቲዎስ ከመጣ እኔ እቋረጣለሁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። አስካለ ስታለቅስ ያየሁት ባሏን ስንቀብር ብቻ ነው። «አፌን ዘግቼ ውዬ ቤቴ ስገባ ሰው መሆኔን እጠራጠራለሁ። ገንዘቡን አየዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን ራሴ ያገኘሁት አይመስለኝም።»

ምን ልበላት? እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የክራቫት ሰዎቹ በቴሌቪዥን ያቃታቸውን ነገር እኔ ከየት አምጥቼ ልመልስላት? መርፌ አንስቼ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

የምርጫው እሑድ ደረሰ። በእድራችን ሥርዓት ምርጫ በእጅ ማውጣት ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ እኔው። እጩዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሕዝቡን ዓይን ዓይን ያያሉ። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በየቤቱ ሲዞሩ ሕዝቡ ሁለቱንም «ለእርስዎማ ማን ይከለክላል!» ብሎ ነው የሸኘው። ደጁ ድረስ የመጣን ሰው አይሆንም የሚል በኛ ሰፈር አልተወለደም።

«ለጋሽ ገብረክርስቶስ!» አልኩ።

እጅ ተተከለ። ቆጠርኩ።

«ለአቶ ማቲዎስ!»

ያው እጅ ተመልሶ ተተከለ። ቆጠርኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሰማንያ ሁለት ሰዎች ነን። ለጋሽ ገብረክርስቶስ ሰባ አንድ፣ ለማቲዎስ ሰባ ስድስት።

«ይህ እንዴት ይሆናል? ይደገም!» ተባለ።

ደገምን። ባሰ! በመጀመሪያው ዙር ለአንዱ ብቻ አውጥተው የነበሩት፣ ሌላኛው ቅር እንዳይለው ብለው በሁለተኛው ዙር ለሁለቱም አወጡ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ራሳቸው በጨዋነት ለማቲዎስ እጃቸውን አነሱ። ማቲዎስም አይቶ አፈረና ለሳቸው አነሳ። ብዕሬን አስቀምጬ ራሴን ያዝኩ። ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ያሸነፈበት ምርጫ አይቼ አላውቅም።

በሁለቱም ዙር እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች አንድ ሰው ነበረች። አስካለ ተነሳች።

«አንዱ አፌን ይሰጠኝና በረንዳውን ይወስደዋል። አንዱ በረንዳውን ይሰጠኝና አፌን ይወስደዋል። ማን ነው ሰጪ ያደረጋችሁ? አፉን ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የመጣሁት። የበረንዳውን ስሚንቶ ያቦካው ባሌ ነው፤ እናንተ አይደላችሁ አሸዋውን የተሸከማችሁት? የራሴን ነገር ግማሽ ግማሹን እየቆረሳችሁ እንደ ስጦታ አትስጡኝ! እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልግ። ስግብግብ በሉኝ!»

ዙህራ፣ የሙደሲር ሚስት፣ ከሴቶቹ መሃል «እሷው ትሁና!» አለች። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ሳቅ ሆነ። ግን አስካለ ፊታቸው ቆማ እያየቻቸው ነበር፣ ታዲያ ማን ዓይኗ እያየ እጁን ያጥፍ? የአዳራሹ እጅ ሁሉ ተነሳ። ጋሽ ገብረክርስቶስም፣ ማቲዎስም።

«እኔ? ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ተዉ!» አለች አስካለ። ጻፍኩት፤ ማኅተም መታሁበት።

በመጀመሪያው ስብሰባዋ ሣጥኑ ለእጣን ማስቀመጫ እንዲሆን ተወሰነ። በረንዳው ለሁሉም አባል ተከፈተ፣ ለናታንም አንድ ጥግ ተሰጠው። ማቲዎስን ድስትና ድንኳኑን እንዲያስተዳድር ሾመችው፤ ሥራውን ይችልበታላ። «መናገር የሚፈልግ ይናገር!» አለች ደረቷን ነፍታ። ቃጭሏ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለች ነበረች። ማንም ማንሳቱን አላስታወሰም።

ዘርፌ ተነሳች። ዘርፌ ከእድሩ ቤት ጓሮ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት፤ እድርተኛ ከሆነች ጀምሮ በስብሰባ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። በጋሽ ገብረክርስቶስ ዘመን አልተናገረች፣ በማቲዎስ ዘመን አልጻፈች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጀመረች።

«የምድጃው ጭስ... እኔ ያጠብኩት ላይ ነው የሚሄደው። ነጠላው ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ደንበኛዬ መልሳ አመጣችብኝ። ምድጃው ከዚያ ጥግ ይነሳልኝ።»

የዚያ ጥግ ማለት የአስካለ ጥግ ነው፤ ታክሲ ተሰላፊው ፊት ለፊት የሚያየው፣ ለስንት ዓመት የጮኸችለት ጥግ። ሌላው ጥግ ምሰሶ የሚጋርደው፣ ከመንገድ የማይታይ ነው።

«ዘርፌ፣ ጊዜው...» አለች አስካለ፣ እጇም ወደ ቃጭሏ ሄደ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። አነሳቻት። ብዕሬን ከወረቀቱ አንስቼ አየኋት። አዳራሹም አያት። ማቲዎስ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጣሪያው ያያል። አስካለ ቃጭሏን ድምፅ እንዳታሰማ ምላሷን በጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ቀጥይ፣ እህቴ» አለች። ድምፅዋ ቁርጥ ጋሽ ገብረክርስቶስን። እሳቸው ከፊት ወንበር ሳል አሳላቸው።

ዘርፌ ቀጠለች። ጨረሰች።

«ተመዝግቧል» አለች አስካለ በፍጥነት። «ቀጣይ አጀንዳ።»

ዘርፌ አልተቀመጠችም። ነጠላውን ከአፏ ላይ አወረደችው።

«መመዝገቡንማ ተመዝግቧል፤ ጭሱስ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ገብረክርስቶስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷ ቀልቶ እኔን ገላመጠችኝ፣ እኔ ምን አደረግኩ?

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ብረት ስሚንቶ ላይ ሲፋተግ ሰማሁ። አስካለ ምድጃዋን ብቻዋን እየጎተተች ምሰሶው ጀርባ ትወስዳለች። እየጎተተች ዘርፌን ትረግማለች፣ ዙህራን ትረግማለች፣ የሳቀውን ሁሉ በየስሙ ትረግማለች። «አፍ አውጪ ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፣ ይበለኝ! ይበለኝ!» ዘርፌ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ቆማ ታያታለች። ኋላ አንሶላውን አስቀምጣ የምድጃውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። አስካለ መርገሟን አላቆመችም፣ እንድትይዝላት ግን ተወቻት።

ታክሲ ተሰላፊው መጣ። ባዶውን ጥግ አይቶ «ዛሬ የለችም» ተባባለ። ምሰሶው ጋርዷት አትታይም።

አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እናንተ! ለዳቦና ለነፃነት ስትከራከሩ ቦንቦሊኖው ቀዘቀዘ! ያ ኮት የለበስከው፣ ፓርቲህ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ሲዋሽ አይቼዋለሁ፣ ና ልንገርህ!»

የሰልፉ ግማሽ ዞረ። ሰውየው ኮቱን እያየ እየሳቀ መጣ፣ የቀሩትም ተከተሉት። እኔ የስፌት መኪናዬን ከፈትኩ፣ አዲስ መርፌ ተከልኩ፣ የጠዋቱን ሱሪ መስፋት ጀመርኩ። ሊጡ ሳይረፍድ አለቀ።